የዲስክ ዕቁብ

ዲስኩን ስትከፍተው ሙሽራ ወጣች።

ዙፋን ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሙሽራዋ አልሄደችም። ነጭ ቬሎ ለብሳ፣ እጆቿ እስከ ክርን በሂና ተውበው፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆማ ትስቃለች። ፈውዚያ ናት፤ የጎረቤቷ የእትዬ ሐጀራ ልጅ። ዙፋን ዘግታ ሌላ ፋይል ከፈተች፤ ሚዜዎች። ሌላ ከፈተች፤ ድንኳን። ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። መቶ አርባ ምናምን ፋይል፣ አንድ ሳይቀር ሠርግ።

"ኧረ የፈጣሪ ያለህ!" አለች ጮክ ብላ። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ከማራገቢያዎቹ በቀር የሚሰማት አልነበረም።

ዲስኩ ላይ መኖር የነበረበት ሌላ ነው። ግንቦት አምስት፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ያወረደችው የሰርቨር አፕዴት፤ ከዚያ መሃል ደግሞ አንዲት ትንሽ ፋይል። ያቺን ፋይል ዛሬ ካላገኘች ነገ ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ የመጋዘኑ ሰርቨሮች በሙሉ ይሞታሉ። ይሄ የሷ ግምት አይደለም፤ አምራቹ ራሱ ጽፎ የላከው ነው።

መጋዘኑ የመድኃኒት ነው። ቃሊቲ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው የሚውሉበት ግቢ። ከስልሳ በላይ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ከዚህ ይጭናል። የትኛው ካርቶን የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ የትኛው መድኃኒት ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቁት ሦስት ሰርቨሮች ናቸው። ሰርቨሮቹን የምታውቀው ደግሞ ዙፋን ናት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከአምራቹ ኢሜይል መጣ፤ ይህ ዓይነቱ ዲስክ ሠላሳ ሺህ ሰዓት ከሠራ በኋላ ራሱን ይቆልፋል፣ አንዴ ከተቆለፈ የሚከፍተው የለም። መፍትሔው ፈርምዌሩን፣ ማለትም ዲስኩ ውስጥ ተቀምጦ ዲስኩን የሚያዘውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ሰዓቱ ሳይደርስ መቀየር ብቻ ነው። የሦስቱም ሰርቨር ዲስኮች በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ሰዓት የበሩ ናቸው። መጠባበቂያ የሚባለው ሦስተኛውም ያው ነው። እንግዲህ ሲሞቱም አብረው ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆጣሪውን ስታይ 29,974 ይላል። እሷ ሰኔ አጋማሽ ነው ብላ ነበር። የቆጠረችው ርክክቡ ከተፈረመበት ቀን ነው፤ ሻጩ ከዚያ በፊት ለሙከራ ብሎ ሦስት ሳምንት አብርቷቸው እንደነበር ማን ያስታውስ! ሃያ ስድስት ሰዓት ቀርቷታል። እንደገና እንዳታወርድ፣ ለብሔራዊው ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ዳታውን ለክፉ ቀን ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመረች። ግን ዳታው ቢተርፍ፣ የሚያሠራው ሰርቨር ከሌለ ምን ሊረባ ነው? አዲስ ሰርቨር በጨረታ ሲገዛ ስምንት ወር ነው። አምና ሲስተሙ ለሁለት ቀን ተቋርጦ በወረቀት ሲሠሩ፣ ለአንድ የሕፃናት ክፍል የተጠየቀ መድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ እያለ "የለም" ተብሎ መኪናው ባዶውን ሄዷል። ከሳምንት በኋላ ከካርቶን ጀርባ ተገኘ። ዙፋን ያን ቀን አልቅሳለች። ስምንት ወር እንዲያ ሲኬድ ማሰብ አቃታት።

አሁን "እንዲህ ያለ ነገር ሠርግ ያለበት ዲስክ ላይ ምን አደረሰው?" የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ዕቁብ ነው። የቃሊቲ የኢንተርኔት መሥመር እንደ ቃሊቲ ውሃ ነው፤ በፈለገው ቀን ይመጣል፣ በፈለገው ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት ከቃሊቲ እስከ ገላን ያሉ የሰባት መሥሪያ ቤት የሲስተም ሠራተኞች ሳሪስ አቦ አንድ ካፌ ተሰበሰቡና የዲስክ ዕቁብ ገቡ። በየወሩ አንድ ባለዕጣ ለሁሉም የሚሆነውን የፈርምዌርና የድራይቨር አፕዴት ያወርዳል፤ ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ገልብጦ የራሱ ማከማቻ ውስጥ ያስቀምጣል። ፎልደሩ ላይ የባለዕጣው ስምና ወሩ ይጻፋል። ያ ስም በሰባት መሥሪያ ቤት ማከማቻ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ዕቁብ ዳኛ ይፈልጋል፤ ዳኛዋ ዙፋን ነበረች። ጥንቁቅ ናት፣ አትሳሳትም ተብላ። የግንቦት ዕጣም የወጣው ለሷ ነበር።

ጥንቁቅነቷ ነው ጉድ የሠራት። የመሥሪያ ቤቱ ማከማቻ ሞልቶ ነበር፤ አሮጌውን ሳላጸዳ አዲሱን አላስገባም አለች። ሳምንታዊው ሪፖርት ደረሰና "ወደ ማከማቻው ገብቷል" የሚለው ሳጥን ላይ ራይት አድርጋ ፈረመች፤ ሰኞ አስገባዋለሁ ብላ። ዲስኩን ቤት ይዛው ገባች። ዓርብ ማታ እትዬ ሐጀራ በሩን አንኳኩ።

"ዙፋንዬ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ዲስክ አምጡ አለን። አንቺ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው።"

እትዬ ሐጀራ የዙፋንን ልጅ ሮዳስን ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ ምሳዋን ያበላሉ። ሱቃቸውን ዘግተው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ምንም ጠይቀዋት አያውቁም። እንግዲህ እንዴት ተደርጎ "የለኝም" ይባላል? ዲስኩ ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ? ይሉኝታ ያዛት። "ግማሹ ባዶ ነው፣ ያለውን ብቻ እንዳይነኩብኝ" ብላ ሰጠች። እትዬ ሐጀራ ለአማቻቸው ነገሩ፣ አማቻቸው ለቪዲዮ ቀራጩ ነገረ ወይም አልነገረ፣ መድኃኔዓለም ይወቀው። ዲስኩ ትናንት ማታ በፌስታል ተጠቅልሎ ተመለሰ።

ስልኳን አንስታ ደወለች።

"እትዬ ሐጀራ፣ ሮመዳን ከሪም፤ እንደምን አደሩ? ዲስኩ ላይ የነበረው... ቪዲዮ ቀራጩ አጥፍቶታል እንዴ?"

"ቆይ እስቲ... ቦታ ስለጠበበው መጀመሪያ ጠርጌዋለሁ ብሏል። ምነው ልጄ? የሥራ ነበረው እንዴ?"

"አይ፣ ምንም አይደለም።"

"ድምፅሽ ምን ሆኗል? ውይ! ጉድ አደረግንሽ እንዴ?"

"ኧረ ምንም! ደህና ነኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

ዘጋችው። ጠርገውታል፤ ከላዩ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሠርግ ጭነውበታል። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም እንኳ ቢኖራት ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

በሩ ተከፈተና አለቃዋ አቶ ሰቦቃ ብቅ አሉ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ሰርቨር ክፍል ሲገቡ ሰው የሞተበት ቤት እንደገቡ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት።

"ዙፋን፣ ያ የዲስኩ ነገር አልቋል አይደል? ከላይ ጠይቀውኛል።"

"አልቋል ጋሼ" አለች። ከአፏ ወጣ። ልታስበው እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

"ጎሽ። ፎርሙ ላይ ፈርመሽ አይቼዋለሁ። አንቺ ከፈረምሽ እኔ እተኛለሁ።" በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከነገ ወዲያ ፎርሙን ያወጡትና "ይሄ ፊርማ የማን ነው?" ይሏታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሥራዋን ታጣለች። ሥራውስ ይቅር፤ ባዶውን የሚመለሰው መኪና?

ስልኳ ጮኸ። ብሩህ ነው፤ ገላን አካባቢ ያለ የቆርቆሮ ፋብሪካ የሚሠራ፣ የዕቁባቸው ትንሹ።

"ዳኛችን! ዲስኩ የት ደረሰ? የኔ ቆጣሪ እኮ አምስት ቀን ነው የቀረው። መዥገር ሆኜብሽ ነው እንጂ..."

"ደህና ነው። ይደርስሃል።"

"እንደሱ በይኝ! እኔ እኮ አልፈራሁም፤ አንቺን ይዘን ምን እንፈራለን? ደግሞ ስሚ ወሬ፣ ያ ፀሐዩ እንኳ ብቻውን በዶንግል አውርዶ የፋብሪካቸውን ዲስክ ሁሉ ጨርሷል አሉ። ኢንተርኔቱ ሊዘጋ ሲል ለጥቂት። ቁማርተኛ!"

"ፀሐዩ?"

"አዎ፣ ያባረርሽው።"

ሳቀ። እሷም እንደመሳቅ ብላ ዘጋች።

ፀሐዩ አቃቂ በሰቃ አንድ የድሮ ክር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። አምና ዕጣው ሲወጣለት ዲስኩን ታክሲ ውስጥ ጥሎት ወረደ። መጥፋቱ ባልከፋ፤ አሥር ቀን ሙሉ "እየወረደ ነው፣ መሥመሩ ነው" እያለ አታለላቸው። ሲታወቅበት ሳሪስ አቦ ካፌው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሌሎቹ ዝም ሲሉ የተናገረችው ዙፋን ነበረች። "ዕቁብ በልቶ የሚዋሽ ሰው ከኛ ጋር አይቀመጥም" አለች፣ ከአስተናጋጁ ፊት። ፀሐዩ አንድም ቃል አልመለሰም። በሳምንቱ አዲስ ዲስክ ገዝቶ ላከላቸውና ከዚያ ወዲያ አላዩትም።

ሙሽራዋ ያለችበት ዲስክ እሱ የገዛው ነው።

አልሄድም፣ አለች በልቧ። ለሌላ ሰው ልደውል። ለአራቱ ደወለች። ሁሉም የሷን ዲስክ ነበር የሚጠብቁት። ሁሉም "አንቺ እያለሽ" አሏት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪው 29,977 ሆነ። ቦርሳዋን አነሳች።

"አቃቂ በሰቃ! አቃቂ! የሞላ!" ይላል ወያላው፤ ያልሞላውን። ከኋላ ወንበር ገብታ ተጣብቃ ተቀመጠች። መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቷል። አንድ ሰዓት ያህል በቆሙበት አቧራ ሲጠጡ፣ ምን እንደምትለው ስታወጣ ስታወርድ ነበር። "ለሌላ መሥሪያ ቤት ተጠይቄ ነው" ልበለው? "የኔ ፋይል ትክክል መሆኑን ላመሳክር" ልበል? ይሄኛው ደህና ይመስላል። እሱ ከየት ያውቃል? ዲስኩን አላየውም።

ፀሐዩን የፋብሪካው በር ላይ አስጠራችው። ዘበኛው ጥላ ሥር አቆማት። ፀሐዩ ሰማያዊ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ተቀምጦ መጣ። ሲያያት ቆመ።

"ደህና ነሽ ዙፋን?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"ይመስገን። ግቢ፤ እዚህ ፀሐይ ነው።"

ቢሮው ከማሽኖቹ ጎን ናት፤ ጠረጴዛው ይነዝራል። መደርደሪያው ላይ ዲቪዲዎች በተርታ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ቀንና የሰርቨር ሞዴል ተጽፎበታል። ብቻውን እንዲህ ያለ ማከማቻ መሥራቱ አስደነገጣት። የሷ ማከማቻ እንኳ እንዲህ አያምርም።

"እ... የዲስኩን ፈርምዌር ጨርሰሃል አሉ" አለች። "እኔ ደግሞ የኔን ፋይል ላመሳክር ብዬ ነው። ትክክል መሆኑን።"

"ለማመሳከር ከቃሊቲ ድረስ?"

"አዎ።"

ፀሐዩ አያት። የላብ ጠብታ በጆሮ ግንዷ ስትወርድ ተሰማት።

"ስንት ሰዓት ቀረሽ?" አላት።

ልትዋሽ አፏን ከፈተች።

"ሃያ ሁለት" አለች። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሠርጉን፣ እትዬ ሐጀራን፣ ፎርሙን፣ ለጋሼ ሰቦቃ ያለቻቸውን። እየተናገረች እንባዋ መጣ። አፈረች። ሰው ፊት ስታለቅስ ይሄ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ፀሐዩ አልሳቀም። "በለው!" ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ ብቻ። "ቪዲዮ ቀራጭ!" ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ዲቪዲ መዘዘ።

"ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ። ዘጠና ምናምን ሲደርስ እየተቋረጠ ደሜን አፈላው። ያዢ።"

እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

"እንዲሁ ትሰጠኛለህ?"

"እና ምን ላድርግ? ላስለምንሽ?"

"ያን ቀን ካፌው ውስጥ ያልኩህ..."

"ትዝ ይለኛል" አለ ቶሎ ብሎ። ዲቪዲውን እያገላበጠ "ስድብሽ አይደለም የቆጨኝ" አለ። "ስድስት ሰው ሆናችሁ አንድ ሰው እንኳ 'ለምን ዋሸህ?' ብሎ አልጠየቀኝም።"

"ለምን ነበር?"

"አሁን አንቺ ለምንድነው የዋሸሽው?"

ዙፋን እንባዋን ጠረገች።

"እንግዲህ እኔም ያው ነኝ" አለ። "ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነው አሥር ቀን የሞላው። አለቃሽ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ሰዓቱ በገፋ ቁጥር እየከበደ ነው የሚሄደው፤ እኔ ልንገርሽ።" ዲቪዲውን እጇ ላይ አስቀመጠላት። "ደግሞ አረጋግጪው። አምራቹ የላከው ወረቀት ላይ የፋይሉ መለያ ቁጥር አለ። አንድ ፊደል ከተለየ እንዳትነኪው። የኔ ነው ብለሽ አትመኚ።"

ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ዘርግታ ስልሳ አራቱን ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አነበበች። ገጠመ። ተጠራጥራ ደግማ አነበበች። ገጠመ።

መኪኖቹ እስኪወጡ ጠበቀች። ጭነት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰርቨር ቢጠፋ የሚጮህ የለም። ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅባትም። ማንም ሳያውቅ ገብቶ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ይሄ ሐሳብ እንደ ሞቀ ውሃ ነበር የተሰማት፤ ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ ያገኘችው ዕረፍት።

29,982። የመጀመሪያውን ሰርቨር አዘዘችው። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እየሞላ ሄደ፤ መቶ ደረሰ። "ይጥፋና ይብራ" ይላል። እሺ አለችው። ጠፋ።

ሲበራ መብራቱ ብጫ ነበር። አረንጓዴ መሆን ነበረበት። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፤ ብጫ። አምስት ደቂቃ። "ባላወቅኩት ነገር ገብቼ ገደልኩት" አለች። "ቢያንስ እስከ ነገ አምስት ሰዓት ይኖር ነበር።" ስምንት ደቂቃ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አቶ ሰቦቃ ቦርሳቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ገርበብ ብሎ አዩ መሰለኝ፣ ገቡ።

"ምነው? ምን ሆነሻል? ተነሺ እንጂ!"

"ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ የፈረምኩት ውሸት ነው።"

"ምን?"

"ማከማቻው ውስጥ አልገባም ነበር። ጠዋትም ዋሽቼዎታለሁ። ፋይሉ ጠፍቶብኝ ነበር፣ አሁን ከሰው አግኝቼ እያስገባሁ ነው፤ ይኸው እምቢ አለኝ። መብራቱ ብጫ ነው።"

አቶ ሰቦቃ መብራቱን አዩ፣ እሷን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ይቆጡኛል ብላ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ቦርሳቸውን አስቀመጡና ባዶ ካርቶን ስበው እየተነፈሱ ከጎኗ ተቀመጡ።

"ብጫ ማለት ሞቷል ማለት ነው?"

"አላውቅም።"

"ካላወቅሽ አልሞተም።" ከዚያ በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየችውም።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ መብራቱ አንዴ ጠፋ፣ በራ። አረንጓዴ። ዙፋን አፏን በእጇ ያዘች። ዲስኮቹን ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም አዲሱን ቁጥር መለሱ።

"ተረፈ?" አሉ።

"ይሄኛው ተረፈ። ሁለት ቀሩ።"

እስኪያልቁ አልሄዱም። ሦስተኛውም አረንጓዴ ሲሆን ከካርቶኑ ላይ በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሱ።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮዬ ነይ፤ ፎርሙን ይዤ እጠብቅሻለሁ። ምሬሻለሁ አላልኩም።"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

"አንቺ ከፈረምሽ እተኛለሁ ብዬሽ ነበር" አሉ በሩ ላይ ሆነው፣ ሳይዞሩ። "እሱ ነው የከፋኝ።" ወጡ።

ከዚያ ቃል ይልቅ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና ለዕቁቡ ዲስኩን ማዘጋጀት ጀመረች። ሠርጉን ወደ ኮምፒውተሯ መገልበጥ ይቀድማል፤ የእትዬ ሐጀራን ደስታ አታጠፋም፣ እነሱ ጠረጉ ብላ። ቪዲዮው ከባድ ነው፤ መስመሩ ይንፏቀቃል። ከጎኑ አዲስ ፎልደር ከፈተች። ስም ይጠይቃል። በለመደ እጇ "ዙፋን - ግንቦት 2009" ብላ ጻፈች።

ብሩህ የፋብሪካውን ፒክአፕ ከውጭ አቁሞ እየሮጠ ገባ።

"ዳኛችን! ራሴ ልውሰደው ብዬ መጣሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ።" ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። "ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሠርግ? የማን ሠርግ ነው?"

"የጎረቤቴ ልጅ።"

"በዕቁቡ ዲስክ?" ሳቀ። "አንቺማ ትችያለሽ። ይሄንን ፀሐዩ አድርጎት ቢሆን ቀቅለን እንበላው ነበር፣ አይደል?"

ብሩህ ነገር ሊወጋት አልነበረም። እንዲያው ለጨዋታ ነው። ፋይሉ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፤ ነገም አይጠይቅም፤ ሌሎቹም አይጠይቁም። ሁለት ደቂቃ ዝም ብትል ሠርጉ ይገለበጣል፣ ከዲስኩ ይጠፋል፣ ስሟ ያለበት ፎልደር በስድስት ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ጋሼ ሰቦቃ የዕቁብ ነገር አያውቁም። ፀሐዩም እንደማይናገር ታውቃለች። እሱ ዝም ማለት ይችላል፤ አይታዋለች።

ልቧ ከብጫው መብራት ፊት ከነበረው በላይ መታ።

ፎልደሩ ላይ የጻፈችውን ስም ፊደል በፊደል አጠፋችውና "ፀሐዩ - ግንቦት 2009" ብላ ጻፈች።

ብሩህ አነበበ፤ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ያወረደው ሰው ስም ነው። የኔን አስጠፍቼዋለሁ፤ በዚሁ ሠርግ። ሁላችሁንም ስዋሽ ነው የዋልኩት።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

ብሩህ ፒክአፑን የቆለፈበትን ቁልፍ በጣቱ ያዞር ጀመር። ግልበጣው አለቀና ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ። ዙፋን ሠርጉ መድረሱን ከፍታ አረጋገጠች፤ ፈውዚያ ደረጃው ላይ ቆማ ትስቃለች። ከዚያ የዲቪዲውን ፋይል ፎልደሩ ውስጥ አስገብታ ዲስኩን ነቅላ በእትዬ ሐጀራ ፌስታል ጠቀለለችና ሰጠችው።

"ገልብጠህ ስትጨርስ ለኔ እንዳትመልሰው" አለችው። "አቃቂ በሰቃ ወስደህ ለፀሐዩ ስጠው። ዳኛው እሱ ነው በለው፤ ካፌ ስንሰበሰብ እኔ ስለራሴ ለሁሉም እናገራለሁ።"

"እምቢ ካለስ?"

"ለምን እንደሆነ ጠይቀው።"